ጋሽ ተሰማ ያልተሰሙ ዕለት

ዲላ ገበያ ላይ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። «ጆሮው» ነበር የምባለው። «ጆሮው ገብቷል?» «ጆሮው ምሳ ላይ ነው።» «እስቲ ጆሮውን ጠይቁት።» እናቴ ቡልጋ ሆና ይህን ብትሰማ፣ ያን ሁሉ ድግስ ደግሼ ያወጣሁለት የክርስትና ስም የት ገባ ብላ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም በስሜ የጠራኝ ሰው ካለ ቶሎ አልዞርለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨውና አቡጀዲ የምሸጥባት አንዲት ደሳሳ ሱቅ ነበረችኝ፤ ከደጃፏ ላይ ጠፍጣፋ ባልጩት አለች። ቡናውን ሸጦ፣ በሬውን ሸጦ ጠገራ ብር የተቀበለ ሰው ሁሉ ብሩን ይዞ ወደዚያች ባልጩት ይመጣል። ያን ጊዜ ሐሰተኛ ብር እንደ አሸን ፈልቷል፤ እርሳስ ማቅለጥ የቻለ ሁሉ ብር ሠሪ ሆኗል። እኔ ብሩን እቀበላለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ሌባ ጣቴን ወደ ላይ አነሳለሁ፣ ገበያው ጸጥ ይላል። ጸጥ ካላለ አልጥልም! አንድ ጊዜ አንዲት አህያ አላቆም ብላኝ፣ ባለቤቷ አፏን በጋቢው እስኪይዝልኝ ድረስ ጣቴን እንዳነሳሁ ጠብቄያለሁ። ከዚያ ብሩን ባልጩቷ ላይ ጠብ አደርገዋለሁ። እውነተኛው ብር ይናገራል፤ ቅጭል ይልና ድምፁ እየቀጠነ፣ እየረዘመ ይሄዳል። ሐሰተኛው «ዷ» ይልና ያበቃል። እሱን «ዲዳ» እንለዋለን። እኔ «ዲዳ ነው» ካልኩ አለቀ፣ ይግባኝ የለም።

በዓይን የሚመረምሩም ነበሩ። ብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ፣ ያችን ደረቷ እንደ ትራስ የሞላ፣ አገጯ ሁለት የሆነ የፈረንጅ ንግሥት፣ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው የጌጧን ፈርጥ ይቆጥራሉ፤ ጸጉሯን በአውራ ጣታቸው ያሻሉ። እኔ እስቅባቸው ነበር። «አፍጥጠህ ታያታለህ እንጂ መቼ ታናግርሃለች?» እላለሁ። ገበያተኛው ይስቅልኛል። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ልክ የለኝም።

እንግዲህ ጉድ የሠራኝ ይሄው ጆሮ ነው።

ጣልያን ሊወጣ ሰሞን ነው። እንግሊዝ በሞያሌ በኩል እየመጣ ነው ይባላል። የጣልያን መኪኖች ዕቃ ጭነው ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ያየ የለም። ትናንት የጣልያኑን የወረቀት ገንዘብ፣ ሊሬን፣ እጁን ዘርግቶ የተቀበለ ነጋዴ፣ ዛሬ ስታሳዩት «እሱን በርበሬ ጠቅልልበት» ይላችኋል። ወረቀት ያከማቸ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል፤ ብር ያለው ደግሞ ሌሊቱን ጉድጓድ ሲቆፍር ያድራል።

እትዬ በላይነሽ ወረቀት ካከማቹት ወገን ነበሩ። ጣልያን መንገዱን ሲያሠራ ለሠራተኛው ጠጅና ዶሮ ሸጠው ያገኙት ነው፤ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ የሊሬ ክምር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህ ዓለም ያላቸው ያ ቋጠሮና አንዲት ልጃቸው አስካለ ብቻ ናቸው። አስካለን ደግሞ የምፈልጋት እኔ ነኝ። በሱቄ በኩል ስታልፍ ጨው የምመዝንበት እጄ ይዛባል፤ በሷ ምክንያት ስንቱን ሰው በነጻ ጨው እንዳበላሁት እግዜር ይወቀው። ከፍስሐ ገነት የመጣ የቡና ነጋዴም ይፈልጋታል፤ ሁለት በቅሎ አለው፣ አንድ የወርቅ ጥርስ አለው፣ ያችን ጥርስ ለማሳየት ሲል በማያስቅ ነገር ሁሉ ይስቃል። እኔ ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው።

አንድ ቀን እትዬ በላይነሽ አስጠሩኝና ነገሩን ቁርጥ አደረጉት። «ይችን ወረቀት በጠገራ ብር ለውጠህ አምጣልኝ። የሚቀበል ሰው ጪጩ መንደር አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ እልክሃለሁ። ዲዳ እንዳይገባበት! አንድ ዲዳ ከገባ አስካለን እርሳት።»

«እኔን ነው እንዴ እትዬ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ጆሮውን እኮ ነው የሚያናግሩት!»

ይህን ብዬ ቤቴ ስገባ ወባ ጠበቀችኝ። ምን ያህል እንደጣለችኝ ልንገራችሁ? አልጋዬ ከነእኔ ተንቀጥቅጦ ከግድግዳው ተነስቶ በሩ ጋ ደርሷል። ጎረቤቶቼ ደግፈው የጣልያን ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። አስታማሚው የወባ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና አንድ ጣቱን ዓይኔ ላይ ቀስሮ፣ «በቀን አንድ! አንድ ብቻ!» አለኝ። እኔ ግን አእምሮ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። አንዷ ኪኒን ትንሽ ካሻለችኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጨርሰው ያሽሉኛል ማለት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ጣሳ ብርዝ አወራረድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ንዳዱ የለም። ድኛለሁ! ጆሮዬ ጭው ይላል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። እሱንም የረሃብ ነው ብዬ ተውኩት።

እትዬ በላይነሽ ቤት ስደርስ በሩን ከኋላዬ ዘጉት። መንደሩ ሰላይ ሞልቶታል፤ ሊሬን በጠገራ ብር የለወጠን ደግሞ ጣልያን ያስገርፈዋል። ቋጠሮውን ብብቴ ውስጥ ከተቱልኝና ከንፈራቸውን ጆሮዬ ላይ ለጥፈው ያንሾካሹኩ ጀመር። ትንፋሻቸው ይሞቀኛል፣ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ይመጣል፤ ቃል ግን የለም። ጭው ብቻ። ሌላ ሰው ቢሆን «እትዬ፣ አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» ይል ነበር። ጆሮው አልሰማሁም ሊል ነው? ዲላ ምን ይላል? ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ያንሾካሹካሉ፣ እኔ እነቀንቃለሁ። አንዳንዴ «እሺ» እላለሁ፤ ለማሳመር ያህል ደግሞ «ይገርማል!» እላለሁ። ከዚያ ሁሉ ነገር ሁለት ቃል ብቻ ደረሰኝ፤ «ጪጩ» እና «ተሰማ»። «ተሰማ» ያሉኝ ሰማህ ወይ ለማለት መስሎኝ፣ «ኧረ በሚገባ ተሰማ!» አልኩ፤ የጨረሱ ሲመስለኝ ደግሞ «ይገርማል!» ብዬ ተነሳሁና ወጣሁ። ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው የሰው ስም መሆኑ የገባኝ።

ጋሽ ተሰማን የማያውቅ የለም። ጪጩ ጥግ ላይ የሚኖሩ ብር መንዛሪ ነበሩ። ነበሩ እላለሁ፤ ምክንያቱም ከጥቂት ክረምት በፊት ወንዝ ወስዷቸዋል። ሬሳቸው አልተገኘም፤ ጋቢያቸው ብቻ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ ተገኝቶ፣ ያችን ጋቢ አልቅሰን ቀበርናት። ታዲያ ቤተሰባቸው ንግዱን ቀጥሎበት ይሆናላ፣ አልኩና መንገዴን ጀመርኩ።

በአውራ ጎዳናው ኬላ ስላለ በእግር መንገዱ፣ በእንሰቱ መሐል ገባሁ። ጉም ወርዷል። የእንሰቱ ቅጠል እንኳ ከግማሹ በላይ አይታይም። ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ነገር ቅር አለኝና ቆምኩ። በዚያ ሰዓት እኮ ያ አገር ገበያ ነው፤ ወፉ ይንጫጫል፣ ዶሮው ይጮኻል፣ ሰው ከጓሮ ጓሮ ይጠራራል። የዚያን ቀን ግን ምንም የለም። የገዛ ኮቴዬ አይሰማኝም። መሬቱን በተረከዜ ደጋግሜ መታሁት፤ ድምፅ የለም። «ማነህ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ድምፄ ከአፌ የወጣ አልመሰለኝም፣ ከሩቅ ጉድጓድ የመጣ ይመስላል።

አንድ ነገር ብቻ ይሰማል። ብር።

አንድ ብር ባልጩት ላይ ወድቆ እየጮኸ፣ እየቀጠነ፣ እየረዘመ፣ ማለቂያ አጥቶ። ወደ ቀኝ ስዞር በቀኝ ነው፤ ወደ ግራ ስዞር በግራ። ብቆም ይቆማል ብዬ ቆምኩ፤ አልቆመም። እንግዲህ ከመሬት በታች ነው አልኩ። በዚያ ዘመን ስንቱ ብሩን በእንስራ ቀብሮ፣ ቦታውን ሳይናገር ሞቷል! ብሩ ባለቤቱን እየጠራ ነው። ወይም ባለቤቱ ብሩን እየቆጠረ። ይሄኛው ሐሳብ ከመጣብኝ በኋላ መንገዱን በጫፍ በጫፍ፣ በጣቴ እየረገጥኩ ሄድኩ፤ የማንንም ቁጥር እንዳላሳስት።

ከጉሙ ውስጥ ቆጮ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ብቅ አለች። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ድምፅ የለም። ሰላምታ ይሆናል ብዬ እጅ ነሳሁ። እሷ ግን ዓይኗን አፍጥጣ ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላዬ በጣቷ አመለከተች፤ አፏ እንደገና ያለ ድምፅ ተከፈተ። ከኋላዬ ምን አለ? ልዙር? ኧረ ማን ሞኝ አለ! ልጅ ሆኜ አያቴ በጉም ውስጥ ወደ ኋላ እንዳልዞር አስጠንቅቀውኛል። አንገቴን ቀብሬ እርምጃዬን አፈጠንኩ። እናንተ ይህን የምታነቡት እስካሁን ነገሩ ገብቷችኋል፤ እኔ ግን ኪኒኑን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ።

ጪጩ ልደርስ ስል አንድ ቡና ውስጥ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ማን እንዳቆማቸው፣ ከሥራቸው ማን እንደተኛ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ፊት ተቀርጾበታል። በደህና ቀን ሰው ጥላቸው ሥር ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ያን ቀን ግን ከጉሙ አንድ በአንድ እየወጡ አዩኝ፤ እነሱ ዘንድ ስደርስ ጩኸቱ ባሰ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «ጌቶቼ፣ መንገደኛ ነኝ፣ አንድ ነገር አልነካሁም» አልኳቸውና በመሐላቸው እየሰገድኩ አለፍኩ። ለአንዱ ሁለት ጊዜ ሳልሰግድለት አልቀረሁም፤ ፊቱ የቀረጥ ሰብሳቢ ይመስል ነበር።

የጋሽ ተሰማ ቤት ደረስኩና በሩን መታሁ። የራሴ እጅ በሩን ሲመታ አይሰማኝም። በሩ ተከፈተ።

የከፈቱልኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው።

ወገኖቼ፣ እኔ እኮ ተዝካራቸውን በልቻለሁ! በዚህ ጥርሴ! ወጡ ቅቤ የበዛበት፣ ደግ ተዝካር ነበር፤ አስጨምሬም «ነፍስ ይማር» ብያለሁ። አሁን ከፊቴ ቆመዋል። ነጥተዋል፣ ከስተዋል፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ውሃ ነው። አፋቸው ተከፈተ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። ስማቸው ተሰማ፣ ከሳቸው ግን አንዳች የሚሰማ ነገር አይወጣም። ለካስ የሞተ ሰው ድምፁ ለሕያው አይደርስም አልኩ በልቤ። ዞሬ ልሮጥ ስል ያ የወርቅ ጥርስ ትዝ አለኝ፤ አስካለን ከጎኑ አስቀምጦ ሲስቅ ታየኝ። ለሱ ከምሰጣት ከሙት ጋር ብነግድ ይሻለኛል ብዬ ገባሁ።

ጋሽ ተሰማ ከአልጋ ሥር ሁለት ከረጢት አወጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ቀዩን አነሱና አፋቸውን ብዙ አንቀሳቀሱ፤ ራሳቸውን ወዘወዙ፣ ጣታቸውን ፊቴ ላይ አወዛወዙ፣ ወደ ጥግ ገፋ አደረጉት። ጥቁሩን ደግሞ ወደ እኔ ገፍተው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። እኔ በየመሐሉ «እሺ ጌታዬ» እላለሁ። ሐሳቤ ግን ሌላ ነው። ሙት የሚሳሳለት የቱን ነው? ቀዩን! እንዳትነካ የሚለኝ የቱን ነው? ቀዩን! ታዲያ ደህናው ብር የቱ ሊሆን ነው? ይህን ያህል የሰላ አእምሮ ነበረኝ።

እጄን ሰድጄ ከቀዩ አንድ ብር መዘዝኩ። ምድጃው ድንጋይ ላይ ልፈትነው ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጣቴን አነሳሁ። ብሩ ገና ከእጄ ሳይወጣ ጮኸ። በስመ አብ! ጣልኩት፤ ይጮኻል። አነሳሁት፤ ይጮኻል። ኪሴ ከተትኩት፤ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል። ዕድሜዬን ሁሉ ብር ሳዳምጥ እንዲህ ያለ ተናጋሪ ብር ገጥሞኝ አያውቅም። የሊሬውን ቋጠሮ ጭናቸው ላይ ጣልኩላቸው፤ ቀዩን ከረጢት ብብቴ ሥር ወተፍኩ፤ ፊቴን ወደሳቸው እንዳዞርኩ እየሰገድኩ ወጣሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ዞር ስል ጋሽ ተሰማ እየተከተሉኝ ነው! ነጭ ጋቢያቸው ጉሙ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ እግራቸው አይታይም። አፋቸው እንደ ዋሻ ተከፍቷል። ጥቁሩን ከረጢት ከራሳቸው በላይ ያወዛውዛሉ። ያ ከረጢት ለነፍሴ ነው አልኩ። ብሩን በቀዩ ሰጠኝ፣ ነፍሴን በጥቁሩ ሊወስድ ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ሳስብ ከረጢቱን መጣል እችል ነበር። አልጣልኩትም። አስካለ ናታ!

ትክል ድንጋዮቹ መሐል ስደርስ የቡና ሥር ጠለፈኝ። በደረቴ ተዘረጋሁ፤ ከረጢቱ ፈነዳና ብሩ ድንጋዩ ሥር ተበተነ። ቀና ስል ከጉሙ ውስጥ ሴትዮዋ ወጣች።

ብሩ ላይ ያለችዋ! ደረቷ ያው፣ አገጯ ያው ሁለት፣ ሻሿ ከኋላዋ እንደዚያችው ወርዶ፣ ጌጧ ደረቷ ላይ። ያን ሁሉ ዓመት ገበያ መሐል «መቼ ታናግርሃለች» እያልኩ ስቀልድባት ሰምታ ኖሯል። ግንባሬን መሬት ላይ ደፋሁ። «እመቤቴ ማሪኝ! ከእንግዲህ ፈርጥሽን እቆጥራለሁ! ጸጉርሽንም አሻለሁ!» አልኩ። ንግሥቲቱ ጎንበስ አለችና የግራ ጆሮዬን ይዛ ጎትታ አስነሳችኝ። በዚያ አያያዝ ነው ያወቅኳት፤ ፈረንጅ እንዲያ አይጎትትም። እትዬ በላይነሽ ነበሩ።

እንዴት መጡ ትሉኝ ይሆናል። በኋላ ነው እኔም የተነገረኝ። ያን ጠዋት ጆሮዬ ላይ ያንሾካሾኩት እንዲህ ነበር፤ «ተሰማ አልሞተም፤ ጣልያን ብሩን እንዳይወርሰው ወንዝ ወሰደኝ ብሎ አስወርቶ ቤቱ ተደብቆ ነው። ወረቀቱን የሚቀበለው፣ ሊሬ ገና ወደሚሠራበት አስመራ የሚመላለስ ሹፌር ዘመድ ስላለው ነው። ቀዩን ከረጢት እንዳትነካ፣ ሰው ያታለለውን ዲዳ ሁሉ ያጠራቀመበት ነው። ብቻህን ደግሞ እንዳትሄድ፤ ቆየኝ፣ ሻሼን ልሰርና አብረን እንሄዳለን።» ለዚህ ሁሉ ነው እኔ ነቅንቄ፣ «ይገርማል!» ብዬ ብቻዬን የወጣሁት። እሳቸው ከዲላ ጀምረው «ቁም! አንተ ሰውዬ ቁም!» እያሉ ተከትለውኛል፤ ቆጮ ያዘለችው ሴትም እሳቸውን ነበር የምታሳየኝ። ጋሽ ተሰማም ያ ሁሉ አፍ መክፈት፣ «ያ አይደለም! ያ ዲዳ ነው! ይሄን ውሰድ!» ነበር።

ይህን ሁሉ ግን በዚያች ሰዓት አላውቅም። እትዬ በላይነሽ ከመሬት አንድ ብር አነሱና ድንጋዩ ላይ ጣሉት። ለኔ ይጮኻል። የሳቸው ፊት ግን ተለወጠ። ሌላ ጣሉ፤ ፊታቸው ባሰ። ሌላ ጣሉ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ፤ ለኔ የሚጮኸው ለሳቸው አይጮኽም። ወደ እኔ ዞሩ። ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ፤ እጃቸው ወደ ደረታቸው ይሄዳል፣ ወደ ዲላ ያሳያል፣ ወደ ፍስሐ ገነት በኩል ያሳያል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አንገቴ እንደ ልማዱ ሊነቃነቅ ተዘጋጀ።

ምን ብለው ይሆን? ብነቀንቅ በምን እስማማ ይሆን? ከሙት ስሸሽ ያልፈራሁትን ፍርሃት የዚያን ጊዜ ፈራሁ። እሳቸው ያላቸውን ሁሉ ብብቴ ውስጥ ከትተውልኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ «ይድገሙልኝ» ባለማለቴ ዲዳ አስታቀፍኳቸው። አንገቴን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እንዳይነቃነቅ። ከዚያ ባለኝ ኃይል ጮኽኩ።

«አልሰማም! እትዬ በላይነሽ፣ አልሰማም! አልሰማም!»

ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እትዬ በላይነሽ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ደረታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አገጮቻቸውም ተከተሉ፤ ያለ ድምፅ ሳቁ፣ ድንጋዩን እስኪደገፉ ሳቁ። ጥቁሩን ከረጢት ከጋሽ ተሰማ እጅ ተቀበሉና ትከሻዬ ላይ ጫኑብኝ፤ እጄን ይዘው እንደ ዕውር እየመሩ ወደ ዲላ ወሰዱኝ።

የዚያ ሁሉ ኪኒን ኃይል ሲወጣልኝ ጆሮዬ በጥቂት ቀን ተመለሰ፤ የግራው ብቻ ጩኸቱን አልተወም። እትዬ በላይነሽ የዚያን ቀን ምን እንዳሉኝ የሰማሁት በገዛ ሠርጌ ላይ ነው። ጣልያን ወጥቷል፤ ጋሽ ተሰማ ከሞት ተነስተው፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ «የበላኸውን ተዝካር መልስ» እያሉ ያስቸግራሉ። ጠጅ ሞቅ ሲያደርጋቸው ብድግ አሉ። «እናንተ ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ? በላይነሽ ‹ቃሌ ቃል ነው፤ አስካለን እርሳት፣ ለፍስሐ ገነቱ እሰጣታለሁ› ስትለው ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? አማቱ ፊት ቆሞ፣ አንገቱን ይዞ፣ ‹አልሰማም!› ሦስት ጊዜ! እንዲህ ነው ወንድ!» ዳሱ በእልልታ ተናጋ። አስካለ እንዴት ባለ ዓይን እንዳየችኝ አልነግራችሁም።

እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ቋንቋችን አሳልፎ ሰጠኝ እንጂ እኔ አልዋሸሁም። የደነቆረውም «አልሰማም» ይላል፣ እምቢ ያለውም «አልሰማም» ይላል። ጀግንነቱን ተቀበልኩና ዝም አልኩ። ለልጆቼ ሲተረክ በትህትና መሬት መሬት አያለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬ በላይነሽ ታመው አልጋ ያዙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስካለን ደጅ ላኳትና በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ ስል ድንገት የግራው ጆሮዬ ሆነ ወደሳቸው የቀረበው። አንሾካሾኩ። ትንፋሻቸው ሞቀኝ፤ ያው ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ ውጭ ብር ብቻ ይጮኻል። የመጨረሻ ቃላቸው ሊሆን ይችላል እኮ! አንገቴ ነቅንቅ ነቅንቅ አለኝ።

«እትዬ፣ አልሰማሁም» አልኩ።

ፈገግ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ያኔም አልሰማህም ነበር።»

ደነገጥኩ። «ያውቁ ነበር?»

«‹ቆየኝ› ስልህ ‹ይገርማል› ብለኸኝ ስትወጣ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አስካለን ሰጡኝ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሌባ ጣታቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው እንደኔ፣ ልክ እንደኔ፣ ወደ ላይ አነሱ። «ስትነቀንቅ ዲዳ ነበርክ» አሉኝ። «ድንጋዩ ጋ ስትጮኽ ሰማሁህ።»

እንባዬ መጣ፣ አፈርኩም፣ ሳቄም መጣ።

«አሁን ይልቅ ይሄን ትራስ ከፍ አድርግልኝ» አሉኝ።

ይሄንን ጥርት አድርጌ ሰማሁ።